ጫፉን ሳልረግጥ አልመለስም

(ጉም የዋጠው የተራራ ጥግ። ከፊት ጡረታ የወጡት መምህር፣ ከዘራ ይዘው፤ ከኋላ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ የብርቱካን ዘንቢል አንጠልጥሎ። ታናሽየው ዕድሜውን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ሲያቀብልና «ፀጥታ!» ሲል ስለኖረ፣ መጠሪያው እሱው ሆኖ ቀርቷል። መምህሩ አንድ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ላይ የብርቱካን ልጣጭ አይተው ደማቸው ፈልቷል።)

መምህሩ፦ አሳማ! እዚህ የተቀመጠው ሰው አይደለም፣ አሳማ ነው!

ፀጥታ፦ ኧረ ይተዉ ጋሼ። ደህና ሰው ይሆናል።

መምህሩ፦ ደህና ሰው ልጣጩን ዘርግፎ ይሄዳል?

ፀጥታ፦ የተማረ ይሆናል። ሐሳብ ይዞት የረሳ።

መምህሩ፦ የተማረ! አንተ መቼም ለማንም ጠበቃ ነህ። እናቱ በልጅነቱ ቆንጥጣው ቢሆን ኖሮ...

ፀጥታ፦ እናቱን እንኳ ባንነካቸው። ነፍሳቸውን ይማርና።

መምህሩ፦ መሞታቸውን በምን አወቅህ?

ፀጥታ፦ እ... ሰውየው ራሱ ትልቅ ሰው ይመስለኛል።

(መምህሩ ልጣጩን በከዘራቸው ጠርገው ይቀመጣሉ። ጉልበታቸውን ያሻሉ። ብርቱካን ልጠው ይበላሉ፤ ልጣጩን ከጎናቸው ያኖራሉ። ፀጥታ ያያል።)

መምህሩ፦ ሰኞ ይህን ጉልበት ይቀድዱታል። ሐኪሙ «ከዚያ በኋላ እናያለን» አለኝ። ሐኪም «እናያለን» ካለ አታይም ማለቱ ነው። ዛሬ ጫፉን ሳልረግጥ አልመለስም!

ፀጥታ፦ የመጨረሻው አውቶቡስ ሳይመሽ ይነሳል እኮ።

መምህሩ፦ ይነሳ! ለተራራ እኔ አለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ምን ነበር? ስለ ተራራ! መጽሐፉን ያቀበልከኝስ? አንተው ራስህ!

ፀጥታ፦ (ጫማውን እያየ) አስታውሳለሁ። ሽፋን አልነበረውም።

መምህሩ፦ ሽፋን ለሰነፍ ነው። ተነስ፣ እንሂድ።

(ይሄዳሉ። ጉሙ ይብሳል።)

መምህሩ፦ መንገዱ ቁልቁል ወሰደን ልበል?

ፀጥታ፦ እንጃ ጋሼ። መጽሐፉስ ምን ይላል?

መምህሩ፦ (ፊታቸው በርቶ) ምዕራፍ ሦስት! «ማዕበል ዝቅ ያደረገህ ከፍ ሊያደርግህ ነው፤ ሸራህን አጥብቀህ ያዝ።»

ፀጥታ፦ ማዕበል? ተራራ ላይ?

መምህሩ፦ ጠለቅ ብለህ አንብብ እንጂ! ማዕበል ሲል ጉብታ ማለቱ ነው። ሸራ ሲል ካፖርት። ዓሣ ሲል...

ፀጥታ፦ ዓሣ ሲልስ?

መምህሩ፦ ዓሣ ሲል ሰው ነው። ፈታኞቼ አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ።

(አንድ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር። ልጣጭ።)

መምህሩ፦ እዚህም! አሳማው ቀድሞናል!

ፀጥታ፦ ፈጣን ነው ጋሼ። ጉልበቱ ደህና ነው ማለት ነው።

(ነፋስ ይነሳል፤ ጉሙ ይገፈፋል። ከእግራቸው ሥር፣ ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት፣ ጠዋት ያመጣቸው አውቶቡስ ቆሟል። ሹፌሩ መስታወት ይወለውላል።)

ሹፌሩ፦ አባባ! ሌላ ዙር ይቀርዎታል፣ ወይስ ልነሳ?

መምህሩ፦ የምን ዙር?

ሹፌሩ፦ ከጠዋት ጀምሮ ይችን ጉብታ ሲዞሩ ድምፅዎን እሰማለሁ። በየዙሩ አንድ አሳማ ይሰድባሉ።

(መምህሩ ልጣጩን ያያሉ። ዘንቢሉን ያያሉ። ከዚያ ቀና ይላሉ፤ የተራራው ጫፍ እዚያ ማዶ፣ ሰማይ ጥግ ላይ ነው፤ ማንም የረገጠው አይመስልም።)

መምህሩ፦ (ድምፃቸው ወርዶ) አንተ... እያወቅህ?

ፀጥታ፦ እትዬ አልቅሳ አደራ አለችኝ። «እንዳትከለክለው፤ እንዳይወጣም» ነው ያለችኝ። ሁለቱን በምን ላስታርቅ?

መምህሩ፦ ጫፌን ቀማኸኝ!

ፀጥታ፦ ሲሄዱ ደስ ብሎዎት አልነበር?

መምህሩ፦ ብሎኝ ነበር። ታዲያ ጉብታ ዞሮ መደሰት ምን ይባላል?

ፀጥታ፦ እኔ እንጃ። ሥራዬም እንዲሁ ነበር እኮ ጋሼ። አንባቢ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ይጠይቀኛል። መሰላል ከሌለ ከታችኛው አንስቼ እሰጠዋለሁ። ቁጭ ብሎ ያነብባል። «ይሄ አይደለም» ብሎ የመለሰልኝ አንድ ሰው የለም።

(መምህሩ ልጣጩን ለቅመው ኪሳቸው ይከታሉ። ወደ አውቶቡሱ ጥቂት ይራመዱና ቀጥ ይላሉ። አይዞሩም።)

መምህሩ፦ ስማ... የተራራው መጽሐፍ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነበር?

ፀጥታ፦ ላይኛው ላይ፣ ጋሼ።

መምህሩ፦ መሰላሉስ?

ፀጥታ፦ (ዘንቢሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ) ያን ሳምንት አናጢው ጋ ነበር።