ሜኑውን የዘጋሁ ሰሞን

በደንብ የተማረ ሰው ያልገባውን ይጠይቃል። ጨርሶ ያልተማረም ይጠይቃል፤ ምን ያሳፍረዋል? መከራው እንደ እኔ ያለው ነው፤ ጎንደር ወርዶ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወስዶ፣ ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው። እሱ ሁሉም ነገር ይገባዋል። እንዲያውም ከነገሩት በላይ ይገባዋል።

ያን ጊዜ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነበረኝ። እንጀራዬ ማመልከቻ መተየብ ቢሆንም በሩ ላይ «ዌብሳይት እንሠራለን» አስጽፌያለሁ። «እንሠራለን» ያልኩት ለክብር ነው እንጂ ብቻዬን ነበርኩ። ያንን ጽሑፍ አምነው የመጡት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ፈረንጆች የሚያርፉባት ንጹሕ የእንግዳ ማረፊያ ነበረቻቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የኖሩት በእሷ ነው። ዌብሳይቱን ሠራሁላቸው። ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ገደሉ፣ አንድ ፎቶ አልቀረኝም። ከላይ በኩል ደግሞ «መኝታ»፣ «ምግብ»፣ «ቦታ ለመያዝ» የሚሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ደረደርኩ፤ ሲነኳቸው ወደየገጻቸው ይወስዳሉ። ይህን ድርድር እኛ ባለሙያዎቹ ሜኑ እንለዋለን። «እኛ» ስል አሁንም ብቻዬን ነኝ።

ለሁዳዴ ቅበላ ሰሞን እትዬ አስካለ ደወሉ። «ልጄ፣ ጾሙ ሊገባ ነው። ያን ሜኑ ዝጋልኝ፤ ለፋሲካ ትከፍተዋለህ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው «የትኛውን ሜኑ?» ይላል። እኔ ግን «አሁኑኑ!» አልኩ። ለምን እንደሚዘጋ አላሰብኩም እንዳትሉኝ፤ ራሴን ጠይቄ ራሴው መልሻለሁ። ሴትዮዋ ዋልድባ ወርደው ሱባኤ ሊይዙ ይሆናል፤ እንግዳ አያሻቸውም። እንዴት ያሉ መንፈሳዊት ሴት ናቸው ብዬም አደነቅሁ።

ከዚያ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ጥቂት መስመር ኮድ ጻፍኩ። ኮዱ እስከ ጎብኚው ኮምፒዩተር ድረስ ሄዶ ሜኑውን አመድ ያስመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢነኩት፣ ቢደበድቡት ንቅንቅ አይልም። ልፈትነው ገጹን ከፈትኩ። ሜኑው እንደ ወትሮው ቁልጭ ብሎ ይሠራል! ሌላ ኮድ ጨመርኩ። ይሠራል። ሌላም ደረብኩበት። ወይ ፍንክች! እትዬ አስካለም መልሰው አልጠየቁኝምና ሽንፈቴን በሆዴ ይዤ ወደ ማመልከቻዬ ተመለስኩ።

ሁዳዴው ሲጋመስ እትዬ አስካለ ሱቄ ድረስ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። አንሶላ አጥበው፣ አልጋ አንጥፈው ቢጠብቁ በኢንተርኔት የሚመጣው እንግዳ ድራሹ ጠፋ። ማዶ ያለው የአቶ ፈንቴ ሆቴል ግን ጢም ብሏል። «አስተናጋጇን ላሰናብታት ነው። ከባሌ ጋር ያቀናሁት ቤት ዓይኔ እያየ ሊፈርስ ነው» አሉኝ።

እንኳንም ያ ኮድ አልሠራ ብዬ በልቤ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ኮምፒዩተሬንም አዙሬ ሜኑውን አንድ በአንድ እየነካሁ አሳየኋቸው። «ይኸውልዎ እትዬ፣ ዌብሳይቱ ጤነኛ ነው። የታመመው ቱሪዝሙ ነው» አልኩ። ስለ ዓለም ኢኮኖሚም ጥቂት ገለጻ ጨመርኩበት።

ገለጻዬን ሳልጨርስ አስጎብኚው መኳንንት አንዲት ፈረንጅ አስከትሎ ፓስፖርቷን ኮፒ ሊያስደርግ ገባ። እትዬ አስካለን እንዳየ ማን መሆናቸውን ነገራት። ፈረንጇ ገረማት፤ የሆነ ነገር አለችው። እሱም ወደ እትዬ ዞሮ፣ «አገሯ ሆና እርስዎ ዘንድ አልጋ ልትይዝ ሞክራ ነበር። ጽሑፉ ሁሉ አመድ መስሎ አልነካ አላት። ቤቱ የተዘጋ መስሏት ነው አቶ ፈንቴ ዘንድ ያረፈችው» አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የደባርቅ ኢንተርኔት ያን ሁሉ የዋልያ ፎቶ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ፣ ከኋላ የተሰለፈው ኮዴ ሳይደርስ መስመሩ ይቆረጣል። ፈረንጅ አገር ግን መስመሩ ፈጣን ነው፤ ኮዶቼ በሙሉ በሰላም ገብተዋል። ለካስ ዌብሳይቱ ለዓለም ሁሉ ተዘግቶ ለደባርቅ ብቻ ክፍት ነበር። ደባርቅ ውስጥ ደግሞ ማን በኢንተርኔት አልጋ ይይዛል?

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ሜኑውን ዝጋ ያሉኝ?» አልኩ እየተንተባተብኩ።

እትዬ አስካለ ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ ጥብሱን ነው ያልኩህ! በጾም ቤቴ ሥጋ አይሠራም፤ የፍስኩን ምግብ ዝርዝር ዝጋልኝ አልኩ እንጂ ቤቴን ዝጋው አልኩህ?»

መኳንንት ለፈረንጇ ሊተረጉምላት ጀምሮ ሳቁ አላስጨርስ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷስ ታድላ! እኔ ያፈሰስኩትን የምለቅመው በደባርቅ ኢንተርኔት ነበር። መስመሩ እየተቆረጠ፣ እትዬ ከራሴ በላይ ቆመው፣ ኮዶቹን ስነቅል ዋልሁ። ፈረንጇ ከተራራው ስትመለስ እትዬ ዘንድ አደረች፤ ሌሎችም እየተከተሉ መጡ፤ አስተናጋጇም ከሥራዋ አልተነሣችም። እኔንም ይቅር አሉኝ። ብቻ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲያዙኝ «ምን አልኩህ? ድገምልኝ» ይላሉ፤ እኔም እንደ ፊደል ቆጣሪ እደግማለሁ።

በፋሲካ ማግስት አቶ ፈንቴ ሱቄ ብቅ አሉ። ዝናዬን ሰምተው ነው ብዬ ወንበር ጠርጌ አስቀመጥኳቸውና፣ ለእርስዎም ዌብሳይት ልሥራልዎት ወይ አልኳቸው።

ከወንበሩ ብድግ አሉ። «ኧረ በእመብርሃን! ለእኔ እንዳትሠራ!» አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ብቻ የአስካለን ሥራ እንዳትተው፤ አደራ።»