ሐይቁ ላይ ያልደረሰው ድንጋይ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ለሽርሽር ስትወጡ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ውሃ፣ ብስኩት፣ ቻርጀር፣ ጠንቃቃ ከሆናችሁ ደግሞ ጃንጥላ። እኔ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስሄድ የያዝኩት ድንጋይ ነው። አዎ፣ ድንጋይ። በፌስታል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፌስታሉ ጉልበታቸውን ሲመታቸው ምንድን ነው ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ድንጋይ ነው እማማ አልኳቸው። ምን ያደርግልሃል አሉኝ። ላገባ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ቡታጅራ አላናገሩኝም። ሲወርዱም በእኔ በኩል ላለማለፍ የሌላ ሰው ዘንቢል ተሻግረው ወረዱ።

አይፈረድባቸውም። ነገሩን ከመጀመሪያው ብነግራቸው ኖሮ ግን ይመርቁኝ ነበር።

ፈድሉ እባላለሁ። ወልቂጤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። መነጽር አደርጋለሁ፤ ያውም ጌጥ አይደለም። መነጽሬን ካወለቅኩ ርዕሰ መምህሩንና የኮት መስቀያውን አልለይም። አንድ ጠዋት ለኮት መስቀያው ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ርዕሰ መምህሩ ላይ ጃኬቴን ልሰቅል ምንም አልቀረኝም።

ይሄ ዓይኔ ነው ነጂባን ያመጣልኝ። ወልቂጤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የዓይን ጠብታ ልገዛ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ቶሎ ቶሎ ይታመም ጀመር። በመጨረሻ እሷ ራሷ፣ መምህር፣ ይሄ ሁሉ ጠብታ የት ነው የሚገባው ብላ ሳቀችብኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ተዋደድን፣ ሽማግሌም ተላከ።

አባቷ ጋሽ ሙዘይን ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቹን የተቀበሏቸው መጋዘናቸው በር ላይ ስለነበር እያስነጠሱ ለምነው እያስነጠሱ ተመለሱ። መልሱ ምን ሆነ አልኳቸው። አንደኛው አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ፤ ልጁ እሑድ ይምጣና ሐይቁን ላሳየው ነው ያሉት አሉኝ።

እኔ ደስ አለኝ። ሐይቅ ማሳየት ፍቅር አይደለም እንዴ? ነጂባ ግን ፊቷ ጥቁር አለ። ለካ ከእኔ በፊት አንድ ኢንጂነር ጠይቋት ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ባለ መኪና፣ ረጅም፣ ያለ መነጽር። እሱንም አባቷ ሐይቁን ላሳየው ብለው ወሰዱት። ጠዋት እየሳቀ ሄደ፤ የተዘጋጀለትን ክትፎ እንኳ ሳይቀምስ በዚያው ወደ አዲስ አበባ ነዳው። ሐይቁ ጋ ምን ተፈጠረ? ነጂባ አታውቅም። እናቷም አያውቁም። ጋሽ ሙዘይን እቤት ገብተው፣ አይሆንም ብለው፣ እጃቸውን ታጥበው በሉ። በቃ።

ሐይቁን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። ከቡታጅራ ብዙም አይርቅም። ስሙ ሐረ ሸይጣን ነው፤ የሸይጣን ሐይቅ እንደማለት ነው። መሬቱ እንደ ትልቅ ገበቴ ጎድጉዶ፣ አረንጓዴ ውሃ ታች ተኝቷል። አፋፉ ላይ ስትቆሙ ውሃው ቅርብ ይመስላችኋል። ሎሚ ብጥል እዚያ ያርፋል ትላላችሁ። ግን ማንም ድንጋይ ወርውሮ ውሃው ላይ አድርሶ አያውቅም ይባላል። ሸይጣኑ አየር ላይ ይቀልበዋል። ይሄን ቡታጅራ ውስጥ የሆቴል አስተናጋጁም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ጫማ የሚጠርገውም በእኩል ኩራት ይነግራችኋል። ሰው አገር ሐይቅ ዳር ጀልባ አለ፣ ዓሣ ማጥመድ አለ፣ ዋና አለ። እኛ ጋ መወርወር አለ። ትኬት የለው፣ መለያ የለው፣ ዳኛ የለው። ያለው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ስንት ዘመን ሲወረወር ኖሮ አፋፉ ላይ ድንጋይ አልቋል። ስለዚህ ድንጋይ ከከተማ ይዞ መሄድ ነው። ባጃጁ ገና የት ልውሰድህ ሳይል ድንጋይ ይዘሃል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

የሞከረው ብዙ ነው። ክብደት አንሺ ነኝ ያለ አንድ ጎረምሳ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲወረውር፣ የእጅ ሰዓቱ ወልቆ ከድንጋዩ አልፎ ሄደ አሉ። አንድ ሙሽራ ደግሞ በሠርጉ ማግስት ሚዜዎቹ ሲያጨበጭቡለት ወረወረ። ድንጋዩ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀረ፣ ሱፉ ብብቱ ላይ ተተረተረ። አልበሙን አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ በተነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ ክንዱን ጎኑ ላይ አጣብቆ እንደ ወታደር ነው የቆመው።

እንግዲህ ጉዳዩን ለሥራ ባልደረባዬ ለሙባረክ አማከርኩት። ሙባረክ የስፖርት መምህር ነው። ዓይኑ የጭልፊት፣ ክንዱ የአንበሳ። ሳያስብ መለሰልኝ። ግልጽ እኮ ነው አለኝ፤ ሰውየው ክንድ ነው የሚፈልጉት። ኢንጂነሩ አላደረሰም፣ ተባረረ። አንተ አድርስና ሚስትህን ይዘህ ና።

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ደግሞ ይሄማ ፊዚክስ ነው! ሰው ለምን አያደርስም? ውሃው ታች ስለሆነ ወደ ታች ይወረውራላ! ዓይኑ ክንዱን ይጎትተዋል። ድንጋዩ ቁልቁለቱ ላይ ያርፍና ሸይጣን ቀለበው ይባላል። ሸይጣን ምን አደረገ? ቀና አድርጎ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፣ ክቡ ድንጋይ መርጦ መወርወር ነው። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ሜዳው ላይ ልምምድ ጀመርን። የግቢው ጥበቃ ምን ሆናችሁ ቢሉን ሙባረክ ሊያገባ ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ጥበቃው አላህ ይርዳህ ብለው ራቅ ብለው ቆሙ።

ነጂባ ደወለች። ካላደረስክስ አለችኝ። ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን እንደገና ሜዳው ላይ ወጥቼ መወርወር ጀመርኩ። ወድጃታለሁ እኮ! ያለ እሷ ወልቂጤ ምን ትሆነኛለች? አንድ ድንጋይ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢቀር ነጂባ ቀረች ማለት ነው። እንደዚህ ዓይነት ፈተና እኔ ለተማሪ አላወጣም።

እሑድ ቡታጅራ ደረስኩ። ጋሽ ሙዘይን ቀጭን፣ ጺማቸው ሽበት የጣለበት፣ ሲያዩኝ የሚመዝኑኝ የሚመስሉ ሰው ናቸው። አሰላሙ አለይኩም አልኩ። ወአለይኩም ሰላም ብለው ክትፎ ከቆጮ ጋር አቀረቡልኝ። ልወረውር ነው ብዬ ትንሽ ልቀንስ ብል የነጂባ እናት ጎኔ ተቀምጠው እየደጋገሙ ያጎርሱኛል። አንዷን ጉርሻ እንቢ ብል ሠርጉ እዚያው ሊቀር ነው። በላሁ። ስነሳ ከእኔ ይልቅ ድንጋዩ ቀሎኝ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሆነን ገባን። እኔ፣ ጋሽ ሙዘይንና ወዳጃቸው ጋሽ ሸምሱ። ጋሽ ሸምሱ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለምስክርነት የመጡ ናቸው። ጋሽ ሙዘይንም የራሳቸው የድንጋይ ከረጢት አላቸው። ድንጋዮቹ ቀይ ናቸው። ለካ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ሚዛን እንዲደፋ ተደብቀው የመጡ ናቸው። የላከውን ሰው ስም አይናገሩም፣ ደንበኛቸው ነዋ። ሸይጣን የላከውን ለሸይጣን እመልስለታለሁ አሉኝ፣ እያስነጠሱ።

አፋፉ ላይ ቆምን። ቀድመው ጋሽ ሙዘይን ወረወሩ። አልደረሰም። ጋሽ ሸምሱ ወረወሩና ትከሻቸውን ይዘው፣ ወይኔ ልጅነቴ አሉ። አልደረሰም። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ጣቴን ልሼ ነፋሱን ለካሁ። ጋሽ ሸምሱ ልጁ ገና አልጠገበም እንዴ ብለው ሹክ ሲሉ ሰማሁ። ክቡን ድንጋይ መረጥኩ። ቢስሚላህ አልኩ። ነጂባን አሰብኩ። ቀና አድርጌ፣ ከእግር ጥፍሬ ጀምሬ፣ ያለኝን ሁሉ ወረወርኩ።

መነጽሬም አብሮ ሄደ።

ዓለም ጉም ሆነ። ሐይቅ የለ፣ አፋፍ የለ፣ ድንጋይ የለ። አረንጓዴ ነገርና ሰማያዊ ነገር ብቻ። በአራት እግሬ ሆኜ መሬቱን መዳበስ ጀመርኩ። ዙሪያው ጸጥ አለ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። ከጸጥታው ገባኝ። ቢደርስማ ይጮሁ ነበር። አልቋል። ነጂባ ቀረች።

ከዚያ የጋሽ ሙዘይን ድምፅ መጣ። ቀስ ብሎ። ደረሰ እንዴ ፈድሉ አሉኝ።

ኧረ የት ይደርሳል ጋሽ ሙዘይን፣ አልደረሰም አልኳቸው። እንባዬ እየመጣ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ጣልቃ ገቡ። ደህና አድርገህ አይተሃል ወይ አሉኝ። ምንም የደረሰ ነገር አላየሁም፣ ወላሂ አልኩ። እውነቴን እኮ ነው! የራሴን እጅ እንኳ በቅጡ አላየሁም።

ከዚያ አንድ ቀጭን ነገር መጥቶ አቀፈኝ። ጋሽ ሙዘይን ናቸው። ማሻአላህ፣ ልጄን ወስደሃል አሉኝ።

እዚህ ላይ በሩን ዝጉልኝ፣ ለማንም አታውሩ። ድንጋዬ ደርሷል። ያውም ውሃው ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያረፈው። እኔ መሬት ስዳብስ ውሃው እየተናወጠ ነበር አሉኝ ጋሽ ሙዘይን። ታዲያ ኢንጂነሩስ አልኳቸው። እሱም ደርሶለታል አሉኝ። ደረሰ ደረሰ ብሎ እየዘለለ፣ ጋሽ ሸምሱን ገፍትሮ ሊጥላቸው ምንም አልቀረው፤ ቪዲዮውን አሁኑኑ እለቀዋለሁ፣ ይሄ ሁሉ ተረት ነው ብሎ ሳቀባቸው። ጋሽ ሙዘይን ይሄን ሲናገሩ እንኳ ተናደዱ። ልጄ ቁጡ ናት፣ እናቷን ነው የወጣችው አሉኝ። ቤት ውስጥ ያየውን ሁሉ አየሁ የሚል ሰው ከእሷ ጋር አንድ ሳምንት አይዘልቅም። እኔ የምፈልገው እያየ አላየሁም የሚል ሰው ነው። ደግሞ ደረሰ ከተባለ ነገ ማን ድንጋይ ተሸክሞ ቡታጅራ ይመጣል? ባጃጁስ? ክትፎ ቤቱስ?

እርስዎስ አልኳቸው። ጺማቸውን አሻሹ። እኔም የነጂባን እናት ስጠይቅ አማቴ እዚሁ አምጥተውኝ ነበር፤ አልደረሰልኝም አሉና ጠቀሱኝ። መቼም የጠቀሱኝ ይመስለኛል፤ መነጽሬን ገና አላገኘሁም ነበር።

በኋላ ጋሽ ሸምሱ ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ አንስተው ሰጡኝ። አድርጌ ወደ አፋፉ ሮጥኩ። ውሃው ተኝቷል። ምንም ምልክት የለም። በሕይወቴ ትልቁን ነገር ሠራሁ፣ ሁለት ሽማግሌ አየው፣ እኔ ብቻ አላየሁትም። ያንገበግበኛል ስላችሁ! ክፍል ውስጥ ስለ ውርወራ ሳስተምር አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ።

ሠርጉ ደመቀ። የቡታጅራ ሽማግሌዎች ተራ በተራ እየመጡ አቀፉኝ። መጀመሪያ የመጡት ጆሮዬ ሥር፣ የእኔም አልደረሰም አሉኝ። ሁለተኛውም የእኔም አሉኝ። ሦስተኛው ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረብ አሉና፣ የእኔማ ሁለት ጊዜ ነው ያልደረሰው አሉኝ፤ ሁለት ሚስት ነው ያገቡት። ያን ቀን አዳራሹን ዞር ብዬ ሳይ፣ ሸይጣኑ ስንት ድንጋይ ሳይቀልብ እንደቀረ ገባኝ።

ነጂባ እስካሁን ባሏ አስተዋይ ይመስላታል። ጋሽ ሙዘይንም ለእንግዳ ሁሉ፣ አማቼ አይቶ የሚያልፍ ሰው ነው ይላሉ። ምን ልበል? መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ቢቆይ ኖሮ እኮ ከኢንጂነሩ በላይ ነበር የምዘለው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ሙባረክ፣ ያ የስፖርት መምህሩ፣ ሠርጌ ላይ የነጂባን ታናሽ እህት ሰሚራን አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ሙዘይን፣ ልጁ እሑድ ይምጣና ሐይቁን ላሳየው አሉ። ሙባረክ እየሮጠ መጣ፤ ምክር ስጠኝ፣ አንተ ሳታደርስ እንኳ ሰጥተውህ የለ አለኝ። ምስጢሩን እንዳልነግረው አማቴ አሉብኝ። እንዳልተወው ደግሞ ያ የጭልፊት ዓይኑና ያ አፉ ታየኝ። ደረሰ ብሎ ሲጮህ እስከ ወልቂጤ ይሰማል።

ክቡን ድንጋይ ምረጥ አልኩት። ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፣ ቀና አድርገህ ወርውር። ሁሉንም ነገርኩት። ሊሄድ ሲል ጠራሁትና፣ አንድ ነገር ረሳሁ፣ ስትወረውር መነጽርህን አውልቅ አልኩት።

መነጽር የለኝም እኮ አለኝ።

እንግዲያው ዓይንህን ጨፍን አልኩት።