አቶ ኪዳኑና ዝቅ ያለው መርገጫ

የገዛውን ዕቃ እንደተሠራ የማይጠቀም ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ይህ ሰው ጃንጥላ ሲገዛ መያዣውን ያስረዝማል፤ ወንበር ሲገዛ እግሩን ያሳጥራል፤ ሬዲዮ ሲገዛ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ካቻቢቴ ይፈልጋል። ዕቃው የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ጥፋቱ የእሱ እጅ ሳይነካው መሠራቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ጎረቤቱ ያውቀዋል፤ ሚስቱ ታውቀዋለች፤ የሰፈሩ በያጅማ እንደ ቤተሰብ ያየዋል። እንጅባራ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ ኪዳኑ ናቸው።

አቶ ኪዳኑ በሥራቸው የከብት ሐኪም ናቸው። ቀጭንና ረጅም ከመሆናቸው የተነሳ፣ በር ባዩ ቁጥር አንገታቸው በራሱ ጊዜ ጎንበስ ይላል። በየገጠሩ ላም ምጥ ሲጸናባት፣ በሬ ሆዱ ሲነፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚህ በኩል ስማቸውን በክፉ የሚያነሳ የለም። ከሥራ ሲወጡ ግን ክቡርነታቸው የዓለምን ጉድለት ለማረም ይሰማራሉ። ያገኙትን ዕቃ ገልበጥ አድርገው ያያሉ፤ በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣሉ።

«ይኼ እኮ አላለቀም። ፋብሪካው ቀሪውን ለእኛ ነው የተወው።»

የዚህ ሁሉ የቅርብ ተመልካች ሸዕባን ነው፤ ተጎጂም ሊባል ይችላል። ሸዕባን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንድ አርብ ሱቁን ለአቶ ኪዳኑ አደራ ብሎ ለሶላት ወጣ። ሲመለስ ባንኮኒው አድጎ ጠበቀው። አቶ ኪዳኑ ከሥሩ ጣውላ ጨምረውበት ነበር። ነጋዴ ቀኑን ሙሉ እያጎነበሰ ወገቡን መጨረስ የለበትም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አጠር ያለ ደንበኛ ሲመጣ ለሸዕባን የሚታየው ኮፍያው ብቻ ነው። ሸዕባን ነገሩን ለመጣ ለሄደው እያወራ ያማርራል። ጣውላውን ለምን አያወጣውም ሲባል ግን ጊዜ አጣሁ ይላል።

ሸዕባን ራሱ ድሮ የሞተር ሰው ነበር። አገር ምድሩን በሞተር ያካልል ነበር። ሁለት ክረምት ሆኖታል፣ ቁልቁለት ላይ ባጃጅ ገጨውና የግራ ጉልበቱ ተሰበረ። ስብራቱ ድኗል፤ ጉልበቱ ግን እንደ ልብ አልታጠፍ አለ። ሞተሩን ሸጠ። አንድ ጊዜ በሚኒባስ ሊሄድ ሞክሮ፣ እግሩ መተላለፊያው ላይ ተገትሮ ቀረ። ተሳፋሪው ሁሉ እየተራመደው አለፈ፤ ረዳቱም እንደ ጭነት ቆጥሮ ሊያስጠጋው ታገለ። ከዚያ ወዲያ ሸዕባን ከእንጅባራ አልወጣም።

ይህ ብዙ ባልከፋው ነበር። ነገር ግን ግምጃ ቤት በምትባለው በቅርብ ባለች ከተማ የሚኖሩ፣ ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ ሀሊሜ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። በየሳምንቱ ስልክ ይደውላሉ፤ መቼ ትመጣለህ ይሉታል። ሸዕባን ስለ ጉልበቱ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። እንዳያስጨንቃቸው ብሎ ሱቁ ሥራ በዝቶበታል ይላቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለው ይዘጋሉ። አዘጋጋቸው ግን እየዋለ ሲያድር እየፈጠነ መጥቷል።

ታዲያ ባለፈው በጋ አቶ ኪዳኑ ሞተር ገዙ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ በሽታው የተገኘው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሲቀመጡበት ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ሽቅብ ወጥተው ከመሪው ጋር ይጋፋሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ሞተር የሚነዳ ፌንጣ ይመስላሉ። ገጠር ውለው ሲመለሱ ለመውረድ ግድግዳ ይፈልጋሉ፤ ከወረዱም በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንደተቀመጡ ሆነው ነው የሚራመዱት።

ሸዕባን ትራስ ነገር መቀመጫው ላይ ቢያስሩበት ይሻላል ብሎ መከረ። አቶ ኪዳኑ በትዝብት አዩት። እሱ የከብት ሐኪም ቢሆን ኖሮ ዞኑ ውስጥ አንድ ጥጃ አይተርፍም ነበር አሉት። ችግሩ ያለው ከታች ነው፤ የእግር መርገጫው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ መውረድ አለበት። ሸዕባን እንዲህ ያለ ዕቃ ተሠርቶ የሚመጣ እንደሌለ፣ ሞተሩም ሲሠራ ታስቦበት እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። ክቡርነታቸው ግን ሞተሩን እየገፉ ወደ ውቤ ብየዳ ቤት መንገድ ጀምረው ነበር። «ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ናት» አሉ ዞር ሳይሉ።

በያጁ ውቤ ሥራ አይመርጥም። ዝቅ በል ሲሉት ዝቅ ያደርጋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ሁለቱንም መርገጫዎች ቆርጦ፣ ወፍራም ብረት ቀጥሎ፣ አራት ጣት ያህል አወረዳቸው። አቶ ኪዳኑ ወጥተው ሲቀመጡ እግራቸው ዘና ብሎ ወረደ። ፊታቸው ላይ በሰርጋቸው ቀን እንኳ ያልታየ እርካታ ታየ። በማግሥቱ ለስብሰባ ወደ ዳንግላ ተነሱ።

መርገጫው ሲወርድ የማርሹ መቀየሪያና የኋላ ፍሬኑ እዚያው በድሮ ቦታቸው መቅረታቸው የታወሳቸው ከከተማ ከወጡ በኋላ ነው። ማርሽ ለመቀየር ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እግር ማንሳት ሊኖርባቸው ሆነ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ሊወድቁ ሲደርሱ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንደገባ ይሁን ብለው ተዉት። እስከ ዳንግላ ድረስ ሞተሩ እየጮኸ፣ እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው በምቾት፣ በጋሪ ፍጥነት ተጓዙ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ደረሱባቸውና ጎን ለጎን ሆኑ። ሽማግሌው የአቶ ኪዳኑን እግር በጥሞና ተመለከቱ።

«ወንድሜ፣ እርካብህ ረዝሟል» አሏቸው። ይህን ብለው ፈረሳቸውን ኮርኮር አድርገው ቀደሟቸው።

ይህን ታሪክ ያወሩት አቶ ኪዳኑ ራሳቸው ናቸው። ከስብሰባው ሲመለሱ የደረሰባቸውን ሁሉ ለሸዕባን በዝርዝር አወሩለት፤ ሸዕባን ሲስቅ እንባው ወረደ። እሳቸው የተገረሙት በራሳቸው አይደለም፤ ፋብሪካው መርገጫውንና መቀየሪያውን ለየብቻ መሥራቱ ነው የገረማቸው።

ውቤ ማርሹንና ፍሬኑንም ዝቅ አደረገላቸው። አሁን ሁሉ ነገር ተስማማ፤ ያልተስማማው መንገዱ ነበር። ወደ ጥርባ ሲሄዱ አንድ ኩርባ ላይ ሞተሩ ዘንበል ሲል፣ የወረደው መርገጫ አስፋልቱን ፋቀው። ብልጭታ ተረጨ፤ ሞተሩ ተንጋደደ፤ አቶ ኪዳኑም ከነሞተራቸው የአንድ ገበሬ የቀርከሃ አጥር ጥሰው ገቡ። ገበሬው ላሙ ታማበት እሳቸውን ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነበር። በበሩ በኩል እንደሚመጡ ነበር የገመተው። ክርናቸው እየደማ ላሟን አከሙለት፤ ላሟም ዳነች።

ያን ቀን ግን ሸዕባን አልሳቀም። የተቀደደውን እጅጌያቸውን፣ የተጣመመውን ብረት አየ። ባጃጁ የገጨው ዕለት የሰማው የብረት ድምፅ ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። ወደ ድሮው እንዲመልሱት፣ ካልሆነም ሞተሩን እንዲሸጡት በቁጣ ተናገራቸው። አቶ ኪዳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ውቤ ዘንድ ሄደው መርገጫውን ግማሽ ያህል ከፍ አስደረጉት፤ መሬት ሲነካም ወደ ላይ እንዲታጠፍ አስበየዱት። ኩርባ ሁሉ እየዞሩ ሞከሩት። አልፋቀም። ጉልበታቸውም አልታመመም።

ሥራው ያለቀ ዕለት ሞተሩን ሱቁ ደጃፍ አቆሙና፣ መርገጫዎቹ እኩል መሆናቸውን ከታች ሆነው እንዲያዩ ሸዕባን አንዴ እንዲቀመጥበት ለመኑት። ሸዕባን እያጉረመረመ ወጣበት። የግራ እግሩ ዘርጋ ብሎ መርገጫው ላይ አረፈ። ሁልጊዜ ሲቀመጥ የሚጨማደደው ፊቱ ፈታ አለ። እሱ ልብ አላለውም። ከታች ተንበርክከው የነበሩት አቶ ኪዳኑ ግን ቀና ብለው አዩትና ሞተራቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ሸዕባን መከራውን ያየው። አቶ ኪዳኑ በመጡ ቁጥር ሞተሩ ላይ አሁን ደግሞ ከኋላ በኩል ያስቀምጡታል። ወረድ በል፣ ውጣ፣ እግርህን ልቀቀው፣ ትንሽ ወደ ፊት። ምንድን ነው ሲላቸው ሚዛን ልይበት ነው ይላሉ። ደንበኛ ቆሞ እየሳቀ፣ እሱ እንደ ኩንታል ጤፍ ይጫናል፣ ይራገፋል። አንድ ቀን ከጓዳ ኩንታል አውጥቶ ይህን ጭነው ይመዝኑ አላቸው። ኩንታሉ እግር የለውም አሉ አቶ ኪዳኑ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ደጃፉ ላይ አቆሙ። ሸዕባን ሲያየው የተሳፋሪው መርገጫ በግራ በኩል በጣም ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ተስቧል፤ የቀኙ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

ውቤ ዛሬስ ተሳሳተ አላቸው፤ አንዱን አውርዶ አንዱን ረስቶታል።

«አልተሳሳተም» አሉ አቶ ኪዳኑ።

ሸዕባን መርገጫውን አየ። ቀጥሎ የግራ እግሩን አየ። ሚዛኑ፣ ውጣ ውረዱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባው። ፊቱ ጋለ። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰው እንዳያዝንለት ከሰው ሲሸሽ የኖረ ነው። አሁን ጉልበቱ በአደባባይ ተለክቶ፣ በብረት ተበይዶ ሱቁ በር ላይ ቆሟል።

«እኔንም ነው እንዴ ፋብሪካው ያልጨረሰኝ፣ ጋሽ ኪዳኑ?» አለ።

አቶ ኪዳኑ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ከውስጥ ከውጭ አገላብጠው አዩት፤ መልሰው አደረጉት።

«አንተ ምንም አልጎደለህም» አሉ በመጨረሻ። «ለአንተ ያልሆነው ሞተሩ ነው።»

ሸዕባን ወደ ውስጥ ገባ። የተደረደረ ብሎን አፈሰሰና እንደገና መደርደር ጀመረ። አቶ ኪዳኑ አልተከተሉትም። ደጁ ላይ ቆመው፣ ንጹሑን ሞተር በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ሸዕባን ብሎኑን ደርድሮ ሲጨርስ ቀና አለ፤ አሁንም አሉ። ፀሐዩ በርትቶባቸዋል፤ ጥላ ግን አልፈለጉም። ለቤቱ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያኖረውን ስኳርና ተምር አወረደ፣ በፌስታል ቋጠረ፣ ሱቁን ቆለፈ።

«ግምጃ ቤት» አለ ከኋላ እየተቀመጠ።

ሸዕባን መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ መቼ እንደሚይዘው እየጠበቀ ጥርሱን ነክሶ ነበር። የከተማው ቤቶች አልቀው እርሻው ሲጀምር ጥርሱን ለቀቀ። ግራ እግሩ እንደተዘረጋ ነው፤ ነፋሱ ሱሪውን ያርገበግበዋል። ደጋግሞ ያየው የነበረው አገር ሁሉ እዚያው ነበር።

ወይዘሮ ሀሊሜ የሞተር ድምፅ ሰምተው በራፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ሸዕባን እያነከሰ ሲቀርብ ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱ። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሮአቸው ያልተስተካከለውን እርምጃ ሰምቷል። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ያዙት፤ ጠባሳውን በሱሪው ላይ ሳይቀር አገኙት።

«ሱቁ ሥራ በዝቶበታል ያልከኝ ይኼ ነው?» አሉት።

ሸዕባን የያዘውን ፌስታል አቀበላቸው።

«እኔ ደግሞ ረሳኝ ብዬ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ክንዱን በጥፊ መቱት። እሱም ተንበርክኮ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢያምረው ጉልበቱ እንቢ ስላለው፣ ቆሞ ራሳቸውን ሳመ።

ውስጥ ገብተው ሻይ ሲቀርብ ከአቶ ኪዳኑ በኩል የኳ ኳታ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ሀሊሜ ጆሯቸውን ቀና አድርገው እኚህ እንግዳ ምን እየፈለጉ ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ኪዳኑ የተቀመጡበትን ዱካ ገልብጠው እግሩን እየመረመሩ ነበር።

«ተዪያቸው አክስቴ» አለ ሸዕባን። «ጤነኛ ናቸው።»

ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ብርዱ መጥቶ ነበር። እንጅባራ ስትቃረብ አቶ ኪዳኑ ፍጥነት ቀነሱና ቀኑን ሙሉ ያፈኑትን ጥያቄ ጠየቁ። ጉልበትህ እንዴት ነው?

ጉልበቱ ምንም አልሆነም። ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ተመችቶት አያውቅም። ሸዕባን ይህንኑ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከፊቱ ያን ረጅም፣ ቀጭን ጀርባ አየ፤ መልሱን ለመስማት የአቶ ኪዳኑ አንገት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ይህ ሥራ ካለቀ ነገ ጠዋት አቶ ኪዳኑ ወደ ሱቁ የሚመጡበት ጉዳይ እንደማይኖራቸው ታሰበው።

«ደህና ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ እንደ ከበደው ሰው ጉልበቱን እየደባበሰ፣ «ግን መርገጫዋ ግማሽ ጣት ያህል ዝቅ ብትል ሳይሻል አይቀርም» ብሎ ጨመረ።

የአቶ ኪዳኑ ትከሻ ቀጥ አለ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ፤ ደስታቸውን ሊደብቁ ቢሞክሩም ድምፃቸው አሳበቀባቸው። «በጠዋት እመጣለሁ።»