የጋሽ ሜንግ ሾርባና የሶልጊ ዕንባ

ነጭ ትንሽ ውሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ የዕንባ ሊቅ አይጠፋም። ከውሻዋ ዓይን ሥር ቡናማ የዕንባ መስመር ከወረደ፣ ሐኪሙ ሳይሰማ ሊቁ ደርሷል። በሴኡል፣ ከማንግወን ገበያ ጀርባ፣ ይህ ማዕረግ የክቡር ሊቀ ሊቃውንት ሜንግ ዶክሱ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ውሻ የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም።

ይህን ዕውቀት ሁሉ የምትሸከመው የውሻ ፀጉር ማስተካከያ ቤት ያላት ኡንሺል ናት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ከዓይን ሥር ያለውን ፀጉር ስታሳጥር፣ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ስትጠርግ፣ መልሳ ስታደርቅ ወገቧ ይቆረጣል። ለደንበኞቿ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ በየቀኑ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። አጭር ምክር ስለሆነ ማንም አይወደውም።

ጋሽ ሜንግ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጠው ረጅሙን ይሰጣሉ። መጀመሪያ ጥፋተኛው የቧንቧ ውሃ ነበር። ቀጥሎ የዶሮ ሥጋ ሆነ። ከዚያ የፕላስቲክ ሳህን ተወገዘና ሰፈሩ በሙሉ የሸክላ ገዛ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ የደረቀ ዓሣ ሾርባ መጣ፤ ሰካራምን ከአልጋ የሚያስነሳ ሾርባ የውሻ ዕንባ የሚያቅተው አልመሰላቸውም።

"ዕንባ ከሆድ ነው የሚመጣው፣ አንቺ ልጅ" ይላሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳመላልስ የኖርኩት በከንቱ መሰለሽ?"

ኡንሺል ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች። መከራከር ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቷን ፀጉራሞቹ ፑድል ውሾች ጨርሰውታል።

ሾርባው የሚሄደው ለሶልጊ ነው፣ ለኡንሺል ለራሷ አሮጊት ማልቲዝ ውሻ። ሽማግሌው ጨው እንዲወጣለት ዓሣውን ማታ ይዘፈዝፋሉ፣ ውሃውን ይለዋውጣሉ፣ ጠዋት በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ካፖርታቸው ዓሣ ዓሣ ይላል። የሶልጊ ግራ ዓይን ብቻውን ማልቀስ ከጀመረ ሰንብቷል። አንድ ዓይን ብቻ ሲያለቅስ ደግ እንዳልሆነ ኡንሺል ታውቃለች፤ ለሌላ ሰው ውሻ ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትልክ ነበር። ለራሷ ውሻ ግን ነገ ትላለች፣ ነገ ሲመጣ ወረፋው እስከ ደጅ ይደርሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፀጉር ማድረቂያው እየጮኸ ጋሽ ሜንግ አንድ ነገር አሉ። እንደ ልማዷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሶልጊም የለችም። ምን ብለዋት ይሆን ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ጠራ።

የገበያው ሐኪም ነበር። ሽማግሌው ሶልጊን በአስቤዛ ጋሪያቸው ጭነው ሄደዋል፤ ለሕክምና አይደለም፣ በሾርባቸው ለሚስቀው ሐኪም ማስረጃ ሊያሳዩ እንጂ። ሐኪሙ ማስረጃውን በመብራት ሲያየው ወደ ውስጥ የበቀለ ሽፋሽፍት ዓይኗን ሲፍቅ አገኘው። ነቅሎታል። ቁስሉ በጠብታ ይድናል፤ ጥቂት ቢቆይ ግን ዓይኑ ይጠፋ ነበር።

ኡንሺል ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። አፈረች። የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ዓይን እየጠረገች የራሷን ውሻ ልታሳውር ነበር።

ጋሪው እየተንቀጫቀጨ ገባ። ሶልጊ በነጭ ሽንኩርት ቅጠል መሃል ተቀምጣለች። ጋሽ ሜንግ ደረታቸውን ነፍተዋል።

"አየሽ? ሐኪሙ አፉን ሞልቶ መሰከረ። በሽታውን ገፍቶ ያወጣው ሾርባው ነው።"

"አዎ ጋሼ" አለች ኡንሺል ዕንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ሾርባው ነው።"

ሽማግሌው በጥርጣሬ አዩዋት። አፉን ከፍቶ አዎ የሚላቸው ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

"ያንቺም ዕንባ ከሆድሽ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ነገ ላንቺም አመጣለሁ።"

ከዚያ ወዲህ የኡንሺል ምክር ትንሽ ረዝሟል። ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው ትላለች፤ ጊዜ ካጣችሁ ጋሽ ሜንግ በጋሪያቸው ያደርሱላችኋል።