ጓድ ሊቀመንበር ያያት ጨረቃ

ይህን ታሪክ አዛብቼ ላስታውሰው እችላለሁ፤ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ። ሰው ያየውንም ያላየውንም እኩል ጥርት አድርጎ ያስታውሳልና። «ዐይን አዋጅ ነው» ይባላል፤ ማንም የፈለገውን ከማየት አይከለከልም ለማለት ነው። አንኮበር ከተመደብኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ አንዳንዱ ሰው የፈለገውን፣ ባይኖርም፣ ያያል።

ያኔ ገና ሥራ የጀመርኩ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ፊዚክስ የምታስተምረው አጸደ የምትባል የሰላ ድንጋይ ልጅ ናት። አባቷ ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ነበሩ። ለወንዶች ልጆቻቸው ሲያስተምሩ እሷ ከጓዳ ሆና ትሰማና፣ ወንድሞቿ ቀምረው ሳይጨርሱ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ትናገር ነበር አሉ። (አሉ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።) ዩኒቨርሲቲ ገብታ «የማጠናው ሰማይ ነው» ስትል ሳቁባትና የፊዚክስ አስተማሪ አደረጓት። እሷ ግን ሰማዩን አልተወችም። ከውሃ ቧንቧና ከመነጽር መስታወት ቴሌስኮፕ ሠራች።

ችግሩ ቧንቧው ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አብዮት ጠባቂ መንገድ ለመንገድ በሚዞርበት ዘመን አንዲት ሴት ጋራ ላይ ወጥታ፣ ረጅም ቧንቧ በሦስት እግር አቁማ ስትደግን ብታዩ ምን ትላላችሁ? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ «ሞርታር ነው» አለና ወረሰው። ሞርታር አለመሆኑ ከታወቀ በኋላም አልመለሰውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተሳስቻለሁ ማለት ብቻ አይሆንለትም። በዚሁ መሀል አጸደ ውጭ አገር ሄዳ ሥነ ፈለክ እንድትማር ዕድል መጣላት። ያለ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ያን ጊዜ ከአንኮበር መውጣት የሚችለው ጉም ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጨረቃዋ እንምጣ። አልዩ አምባ ከእኛ ሥር ቆላው ላይ ያለች የነጋዴዎች ከተማ ናት። ምዕራቡን የእኛ ተራራ ስለሚጋርድባቸው፣ ፀሐይ እንደገባች ብቅ ብላ የምትጠፋውን አዲስ ጨረቃ ከዚያ ሆነው ሊያዩ አይችሉም። ስለዚህ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ ሬዲዮ እስኪነግራቸው ሳይጠብቁ፣ ሽማግሌዎቹ ሽቅብ ወደ እኛ ይወጣሉ። ጨረቃዋ ከታየች ነገ ዒድ ነው፤ ካልታየች አንድ ቀን ተጨምሮ ይጾማል። በዚያ ዓመት የመጡት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ዑመርና ጓደኞቻቸው ነበሩ። አጸደ መንገድ ላይ አግኝታቸው፣ «ሐጂ፣ ዛሬ አትታይም፤ ባይደክሙ ይሻላል» አለቻቸው።

ጓድ ታፈሰ ከኋላ ሆኖ ሰማ።

«አትታይም? ጥሩ! ካልታየች ደብዳቤሽን እፈርማለሁ። ከታየች ግን ሰማይ ዐውቃለሁ ማለትሽ ሽፋን ነው፤ ጉዳይሽ ወደ አውራጃ ይሄዳል።»

ተያይዘን ጋራው ላይ ወጣን። ጉሙ እንኳ ለነገሩ ክብር ሲል ገለል ብሏል። ፀሐይ ገባች። ሐጂ ዑመር በቴምር አፈጠሩ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ምዕራብ ምዕራቡን ስናይ፣

«ያቻት!» አለ ጓድ ታፈሰ።

«የት?»

«ከዛፏ በላይ! ቀጭን፣ ልክ እንደ ማጭድ! መምህር፣ አየሃት አይደል?»

ተፈጥሮዬን ነግሬያችኋለሁ። «እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። አጸደ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። እኔ ሰማዩ ላይ ምንም አላየሁም፤ ፊቷ ላይ ግን ደብዳቤው ሲቀደድ አየሁ።

ሐጂ ዑመር የቴምሩን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው ጣሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወላሂ ዐይንዎን አልጠረጥርም። ግን ለዒድ የሚመሰክር ሰው የሚሰግድ መሆን አለበት። እርስዎ ይሰግዳሉ?»

«እኔ?» ጓድ ታፈሰ ማን እንደሚሰማው ዞር ዞር ብሎ አየ። «ምን ነካዎት ሐጂ! እኔ የማምነው በሳይንስ ብቻ ነው!»

«እንግዲያውስ ሳይንስ ይችውልዎ፣ እዚህ ቆማለች። የለችም እያለች ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ግን ጋቢውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ብርድ ይሆናል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ሐጂ ዑመር ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፤ «እንጾማለን።»

በማግስቱ ምሽት ጨረቃዋን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም አያት። ጓድ ታፈሰም «አላልኳችሁም? የትናንቷ ናት፤ አድጋ ነው!» አለ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ውድቅ አይደለም፤ የዛሬ መታየት የትናንትን አለመኖር አያረጋግጥም። ሽማግሌዎቹ ግን ከዒድ በኋላ መጥተው ቀበሌው ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። ወደ ማታ ላይ ጓድ ታፈሰ «ከሰማይ ጋር መከራከር የቀበሌ ሥራ አይደለም» ብሎ ፈረመ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት።

አጸደ ሄደች። ዛሬ ትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። በዚህ ሙያ ከአገራችን ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት ይባላል፤ አላጣራሁም። ቧንቧው አልተመለሰላትም። ቀበሌው ግቢ ውስጥ የጣራ ውሃ ሲያወርድበት አይቻለሁ፤ ወይም ያየሁ ይመስለኛል።

እኔን ያ ምሽት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ምናልባት ሰውየው እውነቱን ቢሆንስ? ምናልባት እኛ ሁላችን ላጸደ ስንል ሳናያት ቀርተን ቢሆንስ? እኛም እኮ የፈለግነው ነገር ነበረን። በኋላ አዲስ አበባ ለክረምት ትምህርት ስሄድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የጨረቃን መውጫና መግቢያ የያዘውን የዚያን ዓመት ሰንጠረዥ አስወጣሁ፤ ለአንኮበር አስልቼ፣ ደግሜ አሰላሁት።

በዚያ ምሽት ጨረቃ ከፀሐይ ቀድማ ጠልቃለች።