ጣት የማያስገባው ግድግዳ

ሰውን ጉድ የሚሠራው ዝንጉነቱ ሳይሆን ጥንቃቄው ነው። አትሳቁ! እኔ ከጥንቃቄ ብዛት እዚህ አረብ አገር፣ መዝረዓ ሰፈር፣ አንድ ሙሉ ግንበኛ ግድግዳ ውስጥ ከትቻለሁ።

እኔ፣ ልጄ ማርታና ጓደኛዬ ዝናሽ የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። ማርታ የምታጠናበትና የምትተኛበት ጥግ ላስከልልላት ብዬ አቡ ሰሚርን አመጣሁ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ፈቃድ የሌለው፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ መዓለም፣ ማለትም ግንበኛ ነው። የተዋዋልነው በስልክ የድምፅ መልእክት፣ በእኔው አረብኛ ነበር። መቼም በረሮ ቢሉኝ፣ አቧራ ቢሉኝ የማልፈራው የለምና እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦

"መዓለም፣ ክፍተት እንዳይኖረው! ጣት እንኳ እንዳያስገባ! አቧራው ዝናሽ ልብስ ላይ እንዳይሄድ ደግሞ ከውስጥ ሆነህ ሥራ!"

"በዓይኔ፣ ኡም ማርታ!" ብሎ መለሰ፤ የማርታ እናት ማለቱ ነው።

ከሥራ ስመለስ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሟል። እንዴት ያምራል! አቡ ሰሚርን ፈለግሁት፤ የለም። የጥጉን መግቢያ በር ፈለግሁት፤ እሱም የለም።

"አቡ ሰሚር?"

"እዚህ ነኝ" አለ ግድግዳው።

"በምን ልትወጣ ነው?"

"እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር።"

አራተኛ ፎቅ ነን፤ እሱ በኩል ያለው መስኮትም ፍርግርግ ብረት አለው።

"በቃ አፍርሰው!"

"አላፈርስም! ውሌን ፈጽሜያለሁ። በር መች አልሽ?" ብሎ ከግድግዳው ኋላ የራሴን ድምፅ ከስልኩ አሰማኝ። "ጣት እንኳ እንዳያስገባ!" ወይ ጉዴ... አረብኛዬ እንዲህ ነው እንዴ?

"ብታፈርሺው ፍርድ ቤት እንገናኛለን!"

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ካለፈ ቆይቷል። ለእኔ ፍርድ ቤት ማለት አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ነው። የማርታስ ትምህርት?

አጠገቤ የቆመችው ዝናሽ ቨርደን ሰፈር አንዲት ጠበቃ ቤት ነው የምትሠራው። ማዳሟ ጋ ደውላ ጠየቀችና ፊቷ በራ።

"ፈቃድ የሌለው ግንበኛ በውሉ ልክሰስ ቢል የሚሰማው የለም አለች!"

"ሰማህ፣ አቡ ሰሚር? ፈቃድ አለህ?"

ግድግዳው ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰ፦

"አንቺስ፣ ኢቃማ አለሽ?"

ዓይኔን ወደ ዝናሽ አዞርኩ።

"ኸላስ፣ በቃ!" አለች ዝናሽ፣ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበትና። "ሁለታችሁም ፍርድ ቤት ደጅ አትደርሱም። እኔ እፈርዳለሁ። መዓለም፣ ውልህን በትክክል ፈጽመሃል። ግድግዳው አይነካም። አንተም ከነግድግዳህ ኑር።"

"ያኒ... ማለቴ፣ ምግቤስ?"

"የምስርና የሩዝ ሙጀደራ ሠርተናል፤ ሽንኩርቱ ቀይ ብሏል። ግን ጣት በማያልፍበት ሳህን በየት ይለፍ?"

ይግባኝ አልጠየቀም። መዶሻው ወዲያው ተሰማ።

በጎኑ፣ ትንፋሹን ውጦ ወጣ። የተወልን ቀዳዳ ከላይ ጠበብ፣ መሐሉ ላይ የሆዱን ያህል ሰፋ ያለ ነው። ማርታ ከትምህርት ቤት መጥታ አየችውና፣

"እማ፣ በሩ ለምን አረገዘ?"

"በውሉ መሠረት ነው" አልኳት።

ሰሞኑን አቡ ሰሚር "ልምጣና በሩን ላስተካክል፣ ይቅር እንባባል" ብሎ ድምፅ ላከልኝ። ደስ አለኝ። ሰው ከስህተቱ ይማራል አይደል? እኔም በጥንቃቄ መለስኩለት፦

"ና፤ ዛሬ ግን ከውጭ ሆነህ ሥራ! እኔ ከውስጥ ሆኜ እጠብቅሃለሁ። ክፍተት ደግሞ እንዳይኖረው!"