የሳልሳ ማኅበራችን ዲጄውን ያገደበት እሑድ

ቀን፦ እሑድ፣ ሰኔ 8። ቦታ፦ ከጎማ ጥገናው ቤት በላይ ያለው የዳንስ አዳራሽ። ስብሰባው ለጠዋቱ 4 ሰዓት ተጠርቶ በ4፡50 ተጀመረ። የዘገየው የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ተከሳሹ ዘንድ ስለሆነ ነው። ተከሳሹ ሲደወልለት “የምታገድበትን ቤት እኔው ልክፈትላችሁ?” ካለ በኋላ መጥቶ ከፍቷል፤ ወንበርም ደርድሯል።

የተገኙ፦
1. የጥርስ ሐኪሟ፣ ሊቀመንበር (የዲጄው ታላቅ እህት)
2. የመኪና መንዳት አስተማሪው፣ ምክትል
3. ልብስ ሰፊዋ፣ አባል
4. እኔ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ጸሐፊ። የተመረጥኩት ለእጅ ጽሑፌ ማማር ሲሆን ስለ ዳንስ አስተያየት እንዳልሰጥ ተነግሮኛል።
5. ዲጄው፣ ተከሳሽ

ያልተገኘ፦ ፋርማሲስቱ። አሞኛል ብሎ ደውሏል፤ ስመጣ መኪናውን እያጠበ ሰላም ብሎኛል። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ወለሉ መጣበብ

ሊቀመንበሯ ማኅበሩ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሰባት ሰው መጀመሩን፣ አሁን ግን ከሦስት መቶ በላይ ሰው እየመጣ መሥራቾቹ መዞሪያ ማጣታቸውን አስረዱ። ምክትሉ ጥፋቱ በሙሉ የዲጄው ነው አሉ። ዲጄው በየሦስተኛው ዘፈን ሙዚቃውን አቁሞ “ነባሮች፣ የተቀመጠ ሰው አስነሱ!” ስለሚል ዳቦ ጋጋሪው፣ ፖስተኛዋ፣ ባለ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ዳንሰኛ ሆነው ቀርተዋል። ልብስ ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት ብቻ ስድስት ጊዜ መረገጣቸውን ገልጸው ጫማቸውን አወለቁ፤ የእግር ጣታቸውንም ለጉባኤው አሳዩ። ጉባኤው ማስረጃው በቂ ነው፣ ይጫሙልን ብሏል።

ዲጄው መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ። “ሰው ሊደንስ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ውሎ ሲመለስ ማየት አልችልም። በቃ፣ ይሄው ነው” አለ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጥፋተኛ መሆኑ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጀማሪዎች

ምክትሉ እያንዳንዱ ጀማሪ ጀርባው ላይ “ለማጅ” የሚል ጨርቅ እንዲለጥፍ፣ ከመዞሩ በፊት በእጁ ምልክት እንዲያሳይ፣ ቀድሞ ማለፍም እንዲከለከል ሐሳብ አቀረቡ። ልብስ ሰፊዋ ጀማሪ የሚባለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ምክትሉ ከእኔ በኋላ የመጣ ሁሉ ነው አሉ። ልብስ ሰፊዋም እርስዎ ራስዎ ከእኔ በኋላ አይደል እንዴ የመጡት፣ እስቲ ዞር ይበሉና ጀርባዎን ልለካ አሉ። ለአሥር ደቂቃ የሐሳብ ልውውጥ ተደርጎ አንድ ወንበር ወድቋል። በመጨረሻ ሐሳቡ እንዳለ ጸድቋል።

አጀንዳ 3፦ ዲጄውን ስለማገድ

በዲጄው ፋንታ ምክትሉ በስልካቸው የጫኗቸው አርባ ዘፈኖች በተርታ እንዲጫወቱ ቀረበ። ምክትሉ ደገፉ፣ ልብስ ሰፊዋ ደገፉ። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ ፈሪ ስለሆነ ነው። ሊቀመንበሯ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆይተው እጃቸውን አወጡ። እገዳው ጸደቀ።

ዲጄው የማይኩን ገመድ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ለምክትሉ አስረከበና ሄዶ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አጀንዳ 4፦ (ያልተያዘ)

ምክትሉ ስልካቸውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተው የመጀመሪያውን ዘፈን ለሙከራ ከፈቱ። የሚደንስ አልተገኘም። የዲጄው እግር ግን ወለሉን መታ መታ ያደርግ ነበር። ሊቀመንበሯ ይህን አይተው ተነሱ።

“ና፣ ተነስ።”

“ተይኝ እትዬ፣ አልችልም።”

“ምኑን?”

“መደነሱን ነዋ።”

ምክትሉ “ከተማውን ሙሉ አስነስቶ?” ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሯ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም አሉት።

“መቼ ልማር? አንቺ ስትደንሺ ሙዚቃው እኔ እጅ ላይ ነው። ባልሽ ከሞተ ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ እዚህ ወለል ላይ ብቻ ነው። ላቁመው?”

ሊቀመንበሯ ይህ እንዳይመዘገብ አዘዙ። ይቅርታ ይደረግልኝና መዝግቤዋለሁ። ማልቀሳቸውም አብሮ ይመዝገብልኝ።

ከዚያ ወንድማቸውን ጎትተው አስነሱና “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” እያሉ ያስተምሩት ጀመር። በመጀመሪያው ዘፈን አራት ጊዜ ረግጧቸዋል፤ አቤቱታ አልቀረበም። ከ6፡05 እስከ 6፡30 የተባለው አልተጻፈም፤ ልብስ ሰፊዋ የጸሐፊውን እጅ ይዘው ነበር። እንዳልደንስ ሳይሆን አስተያየት እንዳልሰጥ ነው የተከለከልኩት። ለምሥክርነት ያህል፣ እኔም ረግጫቸዋለሁ።

ማጠቃለያ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ ተሽሯል። ዲጄው ወደ ቦታው ተመልሷል። በየሳምንቱ ግን አንድ ሰዓት ሙዚቃውን ምክትሉ ይይዙለታል፤ እሱ ይደንሳል። ምክትሉ ተቃውመው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ሜትራቸውን ከቦርሳ ሲያወጡ ተስማምተዋል።

ስብሰባው በ6፡40 ተበተነ። ሊቀመንበሯ ደረጃውን የወረዱት ወንድማቸውን ተደግፈው፣ እያነከሱ ነው። እየሳቁም ነበር።